ሠላሳ አራት ዓመት የዘገየ መርዶ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴያችንን ሰዎች የደም ግፊት እለካለሁ። መሣሪያው የራሴ ነው፤ ክፍያው ዳቦና ጠላ። የእኛ ከተማ ብርድ ይህን ሥራ ቀላል አያደርገውም። ሰው ሁሉ ሹራብ በሹራብ ደርቦ፣ ከላይ ጋቢውን ተከናንቦ ስለሚመጣ ክንዱን ፈልጎ ማግኘት ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አንድ ሽማግሌ ተራቸው ደረሰ። አዲስ የሰንበቴ አባል ናቸው። እጅጌያቸውን ወደ ላይ ስሰበስብ ክንዳቸው ላይ በሰማያዊ ቀለም የተነቀሰ መልሕቅ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የወጣትነት ነዋ፣ ሲስተር። ምጽዋ የተነቀስኩት ነው። ባሕረኛ ነበርኩ።»

የእሳቸውን ግፊት መዘገብኩ። የዚያን ሰዓት የኔ ቢለካ ኖሮ ከእሳቸው ሳይበልጥ አይቀርም። ታላቅ ወንድሜም ባሕረኛ ነበርና።

ወንድሜ ከአንኮበር ወጥቶ ባሕር ኃይል የገባው በ1964 ዓ.ም. ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ሦስት። ከቤታችን በታች ካለው ወንዝ የሚበልጥ ውሃ አይቶ አያውቅም፤ ወንዙም ቢሆን በጋ ላይ በድንጋይ ላይ ተረግጦ የሚታለፍ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤው «ውሃው ሁሉ ጨው ነው» ብሎ ጻፈ። እናታችን ደብዳቤውን አስነብባ ስትጨርስ ለጎረቤት «ልጄ የሚኖረው አሞሌ የሟሟበት አገር ነው» እያለች አወራች። ለፈቃድ ሲመጣ ትልቅ የባሕር ዛጎል አመጣላት። እኛ ልጆች ጆሯችን ላይ ለጥፈን የባሕሩን ድምፅ ስንሰማ ከረምን። እሷ ግን ዛጎሉን የጨው ማስቀመጫ አደረገችው።

የዛሬ ልጆች ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ነበራት ሲባሉ ተረት ይመስላቸዋል። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተቋቋመ፣ ምጽዋን ዋና ሠፈሩ ያደረገ ጦር ነበር። የኖርዌይ መኮንኖች በሥልጠናው ረድተዋል። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ አዛዡ ነበሩ። «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘች ናት። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ጃንሆይ ምጽዋ ይወርዱ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለክብረ በዓሉ ይመጡ ነበር። ወንድሜ በነጭ ልብስ፣ በነጭ ቆብ የተነሣው ፎቶግራፍ እናታችን ቤት ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ኖረ። አያቴ ግን ልጁ ከነቆቡ በመነሣቱ አልተደሰቱም፤ «ፊቱን ሸፈነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ለመያዝ በጨው ሜዳው በኩል ገፍቶ መጥቶ ከተማዋ ለጥቂት ተረፈች። ወንድሜ ያኔ ተርፏል። አግብቶ፣ ሚስቱን እናታችን ዘንድ አንኮበር አስቀምጦ፣ አንድ ወንድ ልጅ ወልዶ ይመላለስ ነበር። ከዚያ የካቲት 1982 ዓ.ም. መጣ። ማጥቃቱ የተጀመረው የካቲት 1 ቀን ነው። መጀመሪያ በየብስ ያለው የከተማው ክፍል ተያዘ። የተረፈው ጦር በድልድይ መንገድ ወደምትገናኘው ጥዋለት ደሴት ተጨምቆ ጥቂት ቀናት ተዋጋ፤ ከዚያ አበቃ። የጦሩ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ማጥፋታቸው ይነገራል። ባሕር ኃይሉ ግን እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሌላ ቦታ ቆይቶ፣ መንግሥት ሲወድቅ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። መዝገቡም፣ ሰዉም፣ ታሪኩም እንደተበተነ ቀረ።

ለወንድሜ ሚስት የሚላከው ተቆራጭ ደመወዝ ለጥቂት ወራት መጣ፤ ከዚያ ቆመ። ማንም ምንም አልነገረንም። መርዶም አልመጣም።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ።

በሐምሌ 1983 ዓ.ም. የምሠራበት ጤና ተቋም በተበተነ ወታደር ተጥለቅልቆ ነበር። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በእኛ በኩል ያልፋል፤ ወታደሩም በእግሩ፣ በመኪና ጣሪያ ላይ፣ እንደሆነለት ይመጣ ነበር። እግራቸው የቆሰለ፣ ወባ ያንቀጠቀጣቸው፣ ለብርዱ አንድ ጨርቅ እንኳ የሌላቸው። ከእነሱ አንዱ የመንዝ ልጅ ነበር፤ ምጽዋ ተማርኮ ከእስር የተፈታ። የእግሩን ቁስል እያጠብኩ ስለ ወንድሜ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና «የአንኮበሩን ባሕረኛ? እስር ቤት የነበሩ ባሕረኞች ሲያነሱት ሰምቻለሁ። ጥዋለት ላይ ቀርቷል ነው የሚሉት» አለኝ።

ፋሻውን አሥሬ ጨረስኩ። ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ። እናቴ ጋ ግን አልሄድኩም።

ምክንያት ነበረኝ፤ ሰው መቼም ምክንያት አያጣም። ወሬው የሁለተኛ እጅ ነው፤ ልጁ ራሱ አላየም። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ብትሰማ ምን እንደምትሆን እኔ ነርሷ አውቃለሁ። ተጣርቶ ይነገራታል አልኩ። ሳጣራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለት፣ አምስት። ከዚያ በኋላ ሌላ ችግር መጣ፦ አሁን ብነግራት እስካሁን የት ነበርሽ ትለኛለች። እናቴ በ1996 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ቤተ ክርስቲያን የወንድሜን ስመ ክርስትና ከሕያዋን ጋር ታስጠራ ነበር። ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ተዝካር አልወጣለትም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ባለ መልሕቁ ሽማግሌ ወንድሜን በስም አላስታወሱትም። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ነበር አሉ። ግን አንድ ነገር ነገሩኝ፦ ሰው በስሙ ብቻ አይገኝም፤ መለያ ቁጥሩ ከተገኘ በየትኛው ኮርስ እንደገባ ይታወቃል፤ ኮርሱ ከታወቀ ደግሞ የኮርስ ጓደኞቹ ይገኛሉ። አሮጌ ባሕረኞች እርስ በርስ ይደዋወላሉ፤ አንዱ ሲሞት አንዱ ለቀብር ይጠራራል። «ፎቶግራፍ ካለ ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ፤ ጀርባውን አይቼው አላውቅም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወደ አንኮበር ወጣሁ። ወጣሁ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ አርባ ኪሎ ሜትር ግድም መንገዱ አብዛኛው በደጋው ላይ የሚሄድ ነው። የደብረ ብርሃንን ሥላሴ፣ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ያሠሯትን፣ ከሩቅ ተሳልሜ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል፤ ባቄላው ጠቁሯል። አንድ ቦታ ላይ እረኞች ባና ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ አየሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የተጫነው የገብስ ቆሎ ሽታ ሆዴን አላወሰው፤ ቁርስ አልበላሁም ነበር።

ጎረቤላ ደርሼ ስወርድ ብርዱ ከደብረ ብርሃን ብርድ ሌላ ነው። ከሥር የሚመጣ ነው። አንኮበርን ላላያት ልንገር፦ ከተማዋ የደጋው ጠርዝ ላይ ናት። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ይከዳል፤ ቁልቁል ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባ ማዶ እስከ አዋሽ ድረስ የአፋር ቆላ። ጠዋት ጠዋት ደመናው ቆላው ላይ ተኝቶ ታያላችሁ። ወንድሜ ለፈቃድ ሲመጣ «ይሄው ባሕሩ» እያለ ለትንንሾቹ ያሳያቸው ነበር። እኔ እውነተኛውን ባሕር ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁትምና ባሕር ሲባል እስካሁን የሚታየኝ ያ ደመና ነው።

የባሕሩ መንገድ ለአንኮበር እንግዳ አልነበረም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ሳለች የጨው አሞሌ በአልዩ አምባ ገበያ ይገባ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚያ በረሃ ነው። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሬምቦ ጠመንጃ ጭኖ የመጣውም በዚያው ነው፤ ምኒልክ ግን አንኮበር አልነበሩም፣ ወደ እንጦጦ ሄደዋል። የባሕር ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ኖረ፤ የእኛ ሰው ወደ ባሕር ሄዶ መቅረቱ ነው አዲስ የሆነው።

ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ ልጥ ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ጣቢያ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ መቃብሩ ዛሬም ይታወቃል፣ ጎብኚ ይሄድበታል። ልጅ ሆነን ሄደን አይተነዋል። ያኔ የገረመኝ ነገር አልነበረም። አሁን ግን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፦ ከጣሊያን አገር መጥቶ የሞተው ሰው መቃብር አለው፤ ከዚህ የሄደው የእናቴ ልጅ የለውም።

ይህ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን ትግላችን ሐውልት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ በኦጋዴን ጦርነት የሞቱ የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፎች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። ዘመዶቻቸው ከዚያ ማዶ መጥተው ፊታቸውን ማየት ይችላሉ። እንግሊዞች ደግሞ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ባሕር ለበላቸው ሰዎቻቸው በፖርትስማውዝ፣ በፕሊማውዝና በቻተም ከተሞች ሦስት ሐውልት አቁመው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ቀርጸዋል። መቃብር የሌለው ሰው ስሙ የሚነበብበት ቦታ አለው ማለት ነው። ለእኛዎቹ ይህ ቢደረግ ምን ያህል ወጪ ነው?

የወንድሜ ሚስት ቤት የእናቴ ቤት ነው፤ አልወጣችም። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ እኔ «እትዬ» ነው የምላት። ሌላ ባል አላገባችም። ልጇ አዲስ አበባ ይነግዳል፤ ና ውሰደኝ ብላው አታውቅም። ደርሼ ተሳሳምን፤ ቡና ማፍላት ጀመረች። ፎቶግራፉ እዚያው ነበር፤ ጨው የሞላው ዛጎልም ምድጃው ዳር።

«ፎቶውን ላወርደው ነው፤ ከኋላው የተጻፈ ካለ ላየው» አልኳት።

«ለምን?»

አንድ ባሕረኛ ተዋውቄ ነው አልኩ። ክፈፉን ገልብጬ ወረቀቱን ስልጥ ጀርባው ላይ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ ቁጥር ተጽፏል፣ ከሥሩም «ምጽዋ፣ 1966»። በስልኬ አነሣሁትና ለሽማግሌው ልጅ በቴሌግራም ላክሁ። እሷ የቡናውን ቁሌት ይዛ ቆማ ታየኛለች።

«ምን ነግሮሽ ነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጥሽ?»

እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አላወቅኩም ነበር። በአገልግሎት ዘመኔ ስንት ቤተሰብ ኮሪደር ላይ አቁሜ ክፉ ወሬ ነግሬአለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። ለእሷ ግን ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ የመንዙን ልጅ ነገርኳት። ዓመቱን ጭምር።

ቁሌቱን ከእሳቱ ላይ አነሣችው። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ሠላሳ አራት ዓመት ያዝሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እማማ በር በሩን እያየች ስትሞት አንቺ አጠገቧ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ደግሞ አሁን ብቻሽን መጥተሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቡና እያፈላሁ ነው የምትነግሪኝ? መርዶ እንዲህ አይነገርም። ወገን የለውም? የሚያለቅስለት ሰው የለውም? ውጪልኝ።»

ወጣሁ። አስተያየቷ ልክ ነበር። መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው፦ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ንስሐ አባት ተጠርተው፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ ብቻውን እንዳይሆን። እኔ ሰዓቱንም፣ ሰዉንም፣ ዓመቱንም አበላሽቼ ነበር።

ማታ ጎረቤት ዘንድ አደርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ፤ ባለ መልሕቁ ሽማግሌ ናቸው። በቁጥሩ ኮርሱን አውቀው የኮርስ ጓደኛውን አግኝተዋል፤ ሰውየው ያለው ቢሾፍቱ ነው። አገናኙኝ። ድምፁ ሲስልበት ይሰማኛል። ወንድሜን ወዲያው ነው ያወቀው። «እዚያ የአገሩን ደመና ሲያወራ ነበር የሚውለው» አለኝ። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልተናገረም። ባሕር ኃይሉ ሠፈር ከተያዘ በኋላ ወደ ጥዋለት አብረው ገብተዋል፤ እሱ ቆስሎ ተማረከ፤ ወንድሜን ግን ከመማረኩ በፊት ወድቆ አይቶታል። «በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እህቴ። እኔ ነኝ ዓይኑን የከደንኩለት።»

ቀኑን ጠየቅኩት። ቀን አልለየንም አለ፤ ማጥቃቱ ከተጀመረ ከሳምንት በላይ አይሆንም።

ለሊት አሥር ሰዓት ላይ የሚካኤልን ቄስ ቀሰቀስኩ። እሳቸው ሁለት ሽማግሌ፣ ጎረቤቶቹ ሦስት ሴት ጨመሩ። ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳን። ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላ ነበር የጠበቀችን፤ የተኛችም አይመስለኝም። ቄሱ ጀምረው ለእኔ ተዉልኝ። እንደገና ነገርኳት፤ በዚህ ጊዜ ከዓይን ምስክሩ ቃል ጋር። እንዳልሰማች ሆና ሰማችኝ። ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹ ያዟት። ደረቷን ስትመታ እኔ እንደ ነርስ አልነበርኩም፤ አብሬያት ነበርኩ። ጩኸቱን ሰምቶ መንደሩ መጣ፤ ወንድሜን የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ መጡ።

ረፈድ ሲል ቄሱ ስመ ክርስትናውን ጠየቋት። ነገረቻቸው። ቀኑንስ ሲሏት ወደ እኔ ዞረች፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ሰውየው ያለኝን ነገርኳት።

«እንግዲያው በሥላሴ ቀን ይሁን፤ የካቲት ሰባት» አለች።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የተሰቀለ ካለ ጀርባውን ገልብጡና እዩት። ቁጥር፣ ዓመት፣ ቦታ፣ የመርከብ ስም፤ የተገኘውን ሁሉ በደብተር ጻፉት፣ የአባትና የአያት ስም፣ ስመ ክርስትናም ጨምራችሁ። አሮጌ ደብዳቤ ፖስታው ጭምር ይጠቅማል፤ የክፍሉ አድራሻ ፖስታው ላይ ነውና። ቀይ መስቀል በጦርነት የጠፋ ዘመድ የማፈላለግ ሥራ አለው፤ ጥያቄ ይቀበላል። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ በሕይወት ያሉትን አሮጌ ወታደሮች ጠይቁ። የሚያስታውሱት ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ናቸው፤ ግፊታቸውን የምለካ ነኝና ብዙ ጊዜ እንደሌለን አውቃለሁ። የሰማችሁትንም ለማጣራት ብላችሁ እንደ እኔ አታስቀምጡት።

ሦስተኛው ቀን አልፎ ልሄድ ስነሣ እትዬ ፎቶግራፉን ወደ ግድግዳው መልሳዋለች። ዛጎሉን ግን ጨውን ገልብጣ፣ በጨርቅ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችው።

«ለዚያ ዓይኑን ለከደነለት ሰው ውሰጂለት» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ለየካቲት ቀደም ብለሽ ነይ፤ ጠላው ብዙ ሥራ አለው።»